ላብራቶሪ (ላብ) ለምትገቡ ልጆች፣ ስለ ኮባልት ክሎራይድ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው፣ ዛሬ ስለ አንድ ጨው ልፃፍላችሁ ብዬ ነው፣ ምክንያቱን ወደታች ታዩታላችሁ።

ኮባልት ክሎራይድ አሰራሩ ብዙ አያስቸግርም። ቀጠን ያለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢከር ውስጥ ታደርጉና ኮባልት ካርቦኔቱን ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ትጨምራላችሁ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየወጣ አረፋ ይላል፣ አረፋው ቆሞ ከስር ያልሟሟ ዱቄት ሲቀር በፊልተር ፔፐር ታጠሉትና የጠለለውን በለስላሳ እሳት ታተኑታላችሁ። ሁሉም ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው! ጠርዙ ላይ ክሪስታል ብቅ ሲል እሳቱን አጥፍታችሁ ተዉት ይቀዝቀዝ። ሮዝ ሆኖ የሚወጣው ስድስት የውሃ ሞለኪውል የያዘው ነው፣ 86 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ስለዚ ለማድረቅ ብላችሁ እሳት ላይ አትጣዱት።

ውሃውን ለማስወጣት ሆን ብላችሁ ስታሞቁት ግን መጀመሪያ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል ከዛ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ከሮዙ ክብደት 45 ፐርሰንቱ ውሃ ስለሆነ 2.38 ግራም ካሞቃችሁ 1.30 ግራም ነው የሚቀረው።

አንድ ሐምሌ፣ የክረምት ተማሪዎች ሳስተምር፣ ዝናቡ ሳያባራ የዋለ ቀን ነው፣ አንዱ ተማሪ ይሄንኑ 2.38 ግራም አሙቆ ክሩሲብሉን (ጨው የሚሞቅበትን ዕቃ) ሳይከድን የሚዛን ወረፋ ሲጠብቅ ቆየ፣ ሲደርሰው 1.42 ሆነበት። ሪፖርቱ ላይ 1.42 ብሎ ፃፈ፣ ከጎኑ ደግሞ «ዳር ዳሩ ሮዝ ሆኗል» ብሎ ጨመረበት። እኔ ኤክስ አደረግኩበት፣ 1.30 ብለው የገለበጡት ሙሉ ማርክ ወሰዱ። የጎጃም ክረምት እርጥበት እዛው ዓይኔ ስር ጨው ውስጥ ሲገባ ያየው እሱ ብቻ ነበር፣ ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ጓንት አድርጉ፣ ኮባልት መርዝ ነው፣ ብናኙ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ የተረፈውን ሲንክ ውስጥ እንዳትደፉት በጠርሙስ አጠራቅማችሁ ለላብ ኃላፊው ስጡ።

ፊልተር ፔፐር ኮባልት ክሎራይድ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቁትና ላቡ መስኮት ላይ ስቀሉት፣ በበጋ ፀሐይ ሰማያዊ ነው፣ ሰኔ ሲገባ ምን እንደሚመስል በየቀኑ እያያችሁ ቀንና ሰዓቱን ደብተራችሁ ላይ ፃፉት።