ኮሌጅ አትቀይሪ፤ ፊዚዮሎጂውን ከታካሚው አልጋ ሥር ተማሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «ሐዋሳ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ አንደኛ ዓመት ነኝ፤ የፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር ትምህርት) መምህሩ ስላይድ አንብቦ ይወጣል፣ ላቦራቶሪ የለም፤ ኮሌጅ ልቀይር ወይ?» ብለሻል። አትቀይሪ። እኔ ቀይሬ አይቸዋለሁ።

1. ከመውጣትሽ በፊት እዚያኛው ኮሌጅ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ አጣሪ። እኔ አላጣራሁም። ትራንስክሪፕት ለማውጣት ሬጅስትራር መስኮት ላይ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ከአቶቴ ሰፈር የባጃጅ እየከፈልኩ ስመጣ «ማኅተም የያዘችው የለችም፣ ነገ ነይ» ነው መልሱ። የምለቀው መምህሩ ስለማያስተምር ነው ስላቸው፣ አንዷ ሰው ሁሉ እየሰማ «ታዲያ አንቺ ለምን አታስተምሪም?» አለችኝ። እስካሁን አልረሳሁላትም። አዲሱ ኮሌጅ ደግሞ «የኮርሱ ይዘት አይገጥምም፣ ድገሚ» አለኝ። ክፍል ገብቼ ስጠብቅ በሩን ከፍቶ የገባው ማን ይመስልሻል? ያው መምህሬ! ሁለቱም ጋ ፓርት ታይም ያስተምራል። ያንኑ ስላይድ ከፈተው። አባቴ ቡና ሸጦ የከፈለልኝ የአንድ ሴሚስተር ገንዘብ እንዲሁ ቀረ።

2. ስላይድ አትሸምድጂ። እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ኤ አምጥቻለሁ፤ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ይህን የተረዳሁት ዋርድ (የሆስፒታል የታካሚዎች ክፍል) ስንወጣ ነው። ልባቸው የደከመ፣ እግራቸው ያበጠ አንዲት እናት ነበሩ። ላሲክስ የሚባለውን መድኃኒት በሲሪንጅ ስቤ ልሰጣቸው ስጠጋ ስታፍ ነርሷ እጄን ያዘችኝ። «የላቦራቶሪ ውጤቱን አይተሻል?» አለችኝ። በደማቸው ያለው ፖታሲየም 2.6 ነው፤ ጤነኛው ከ3.5 እስከ 5 ነው። «ላሲክስ ምን ያደርጋል?» «ሽንት ያበዛል» አልኩ፣ ስላይዱ ላይ እንዳለው። «እንዴት አድርጎ?» መልስ አልነበረኝም። መርፌውን ተቀብላኝ ዶክተሩን ጠራችው።

የዚያን ዕለት ማታ ኩላሊትን በእጄ ደብተር ላይ ሳልኩት። ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሁለት ሊትር ነው፣ ሌላው ወደ ደም ይመለሳል። ላሲክስ ሄንሌ ሉፕ በሚባለው የኩላሊት ቱቦ ክፍል ላይ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ አብረው የሚመለሱበትን በር ይዘጋል። ያልተመለሰው ሶዲየም ወደ ታችኛው ቱቦ ይወርድና እዚያ እሱ ሲመለስ በምትኩ ፖታሲየም ይወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። እኚያ እናት ከጠዋት ጀምሮ «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉኝ የነበረው ለካ ይህንኑ ነው!

ከዚያ ወዲህ ዋርድ በወጣሁ ቁጥር አንድ ታካሚ እመርጥና ማታ የእሱን በሽታ ስዬ ነው የምተኛው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተና ስቀመጥ በመጀመሪያው አለፍኩ፤ ሽምደዳ ላይ የነበሩት ጓደኞቼ «ታካሚው እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ» የሚለው ጥያቄ ላይ ተቸገሩ።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። የኩላሊቱን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ አንቺ ግን መጀመሪያ ራስሽ ሳይውና ያቃተሽ የቱ ጋ እንደሆነ ጻፊልኝ።