ያለ ንድፍ ኪሮሽ መሥራት፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ዓመታት ሙሉ ዳንቴልና ሹራብ የምሠራው ከንድፍ እየቆጠርኩ ነው። አሁን በነፃነት መሥራት አማረኝ፤ ኪሮሹን ስይዝ ግን ምንም አይመጣልኝም። የሞከርኩትም ተጨማደደብኝ።
አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ መነሻው እዚያው ጎንደር አለልዎት። ወደ ፋሲል መዋኛ ይሂዱና ግንቡን የጨበጡትን የዛፍ ሥሮች ቀረብ ብለው ይዩ፤ ወፍራሙ ሥር ይከፈላል፣ ይቀጥናል፣ ድንጋዩ መካከል ይገባል። ፎቶ ሲያነሡ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ይምረጡ፤ ሙሉ ግንብ ለክር ይበዛል። ከዚያች ፎቶ ሦስት ቀለም ይበቃል፦ የድንጋዩ ግራጫ፣ የሥሩ ቡናማ፣ የድንጋይ ሽበቱ አረንጓዴ።

ከዚያ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ቁራጮች ይሥሩ፤ ጥቂቱን ክብ፣ ጥቂቱን እንደ ሥር ረዘም አድርገው። የሚፈልጉትን ቅርፅ ከአቡጀዲ ቆርጠው ቁራጮቹን ላዩ ላይ ይደርድሩ፣ በመርፌ ቁልፍ ይያዙ፣ ልብ እስኪሞላ ያቀያይሩ። ስፌቱ የመጨረሻ ነው። በጣም ደስ የሚለው ሥራ ይሄ መደርደሩ ነውና አይቸኩሉ።

የመጨማደዱ ምክንያት ቁጥር ነው። በአጭሩ የኪሮሽ ዓይን (ሲንግል ክሮሼ በሚባለው) በ6 ዓይን የተጀመረ ክብ በየዙሩ 6 ሲጨመርበት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከበዛ ጠርዙ ይሞገዳል፣ ካነሰ እንደ ቆብ ይጎደጉዳል። ሲሞገድ መጨረሻውን ዙር ይፍቱና ጭማሪውን ይቀንሱ። ለሥሩ ግን ሞገዱ ያምርበታል፣ ይተዉት።

የበግ ፀጉር ክርና አክሪሊክ ከቀላቀሉ በሙቅ ውኃ አይጠቡ፤ ፀጉሩ ይሰበሰባል፣ አክሪሊኩ ባለበት ይቀራል፣ መገጣጠሚያው ይወጠራል።