ቴስቱ አለፈ፣ ደረሰኙ ተዛባ

ጥያቄ፦ ታይዋን ገበያ ሱቅ ላለው አጎቴ የደረሰኝ ቀኖች በቅደም ተከተል መሆናቸውን የሚያጣራ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) በፓይተን ጻፍኩ። ሁለት ዩኒት ቴስት (ፋንክሽኑ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ) አለው። 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሲሰጠው «ትክክል»፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ሲሰጠው «ስህተት» ይላል። ሁለቱም አለፉ። ባለፈው ሳምንት ግን የተዛባ ዝርዝር «ትክክል» ብሎ አሳለፈ። ኮዱን ልኬልዎታለሁ። ምን ይሉኛል?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ፣ አንቱታውን ተወው! የድሬ ልጅ ሆነህ አንቱ ትለኛለህ እንዴ?

ኮድህን አየሁት። ሉፑ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቀን ከሚቀጥለው ጋር እየደጋገመ የሚያወዳድረው ክፍል፣ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይቆማል። ከዝርዝሩ ርዝመት 1 መቀነስ ሲገባህ 2 ቀንሰሃል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀኖች እርስ በርስ ጭራሽ አይወዳደሩም። 4፣ 3፣ 2፣ 1 ይህን አያጋልጥም፤ ገና ከመነሻው 4 ከ3 ስለሚበልጥ ፋንክሽኑ እዚያው «ስህተት» ብሎ ይወጣል። 1፣ 2፣ 4፣ 3 ስጠው፣ ጉዱ ያኔ ይወጣል። 2፣ 1፣ 3፣ 4ንም ጨምር። የሚጠቅምህ አንድ ቦታ ብቻ የተበላሸ ዝርዝር ነው። ሙሉ በሙሉ የተገለበጠውንማ ማንም ያውቀዋል።

በአንድ ቀን ብዙ ደረሰኝ ይቆረጣል አይደል? በዓል ሲደርስማ ስንቱ! ስለዚህ 1፣ 2፣ 2፣ 3 «ትክክል» መባል አለበት። ኮድህ አሁን ይለዋል። ነገ ግን አንዱ መጥቶ «ይበልጣል» የሚለውን «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ቢያደርገው የሚጮህልህ ቴስት የለም። የምታጣራው የደረሰኝ ቁጥር ቢሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሁለት ደረሰኝ አንድ ቁጥር ካላቸው አጎትህን ጠይቀው።

ባዶ ዝርዝርና አንድ ቀን ብቻ ያለው ሁለቱም «ትክክል» ናቸው፤ የሚጣላ ጥንድ የላቸውም።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከዚራ ቁጭ ብዬ የቦታ ስሞች በፊደል ቅደም ተከተል መሆናቸውን ለሚያጣራ ኮድ «ለገሃሬ፣ ሐረር» የሚል ቴስት ጻፍኩ፣ አለፈ። ጓደኛዬ ሐረርን በሃሌታው ሀ ሲጽፈው ወደቀ። ግማሽ ቀን ሉፑን ስበረብር ዋልኩ። ለካ ፓይተን ፊደል የሚያወዳድረው በዩኒኮድ ቁጥሩ፣ ማለትም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል በያዘው ቁጥር ነው፤ ሀ ከለ ይቀድማል፣ ሐ ግን ከለ በኋላ ይመጣል። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር አይደሉም።

ቴስቶቹን ስትጨምር ሉፑን ገና ሳትነካ አሂዳቸው። 1፣ 2፣ 4፣ 3 መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ቴስቱ ራሱ ችግር አለበት። ከወደቀ ያቺን 2 ወደ 1 ቀይርና ለአጎትህ ስጠው።