የቪክቶሪያ ዘመን የወሲብ ጽሑፎች መድበል፦ የትኛው ይታመናል?

ለመመረቂያ ጽሑፍህ በእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፉ የወሲብ ታሪኮችን የሰበሰቡ ሁለት መድበሎች ይዘህ፣ ለአንድ ታሪክ የተለያየ የኅትመት ዓመት ከሰጡህ፣ ምንጩን የጠቀሰውን ያዝ። አርታኢው ከየትኛው እትም እንደገለበጠ፣ ያ እትም የት እንደሚገኝ፣ ምን እንደቆረጠ መናገር አለበት። ሁለቱም ዝም ካሉ አንዱንም ለመመረቂያ ጽሑፍህ አትጥቀስ።

በሽፋኑ ውስጥ የታተመው ዓመት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የ1857ቱ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ተይዘው እንዲወድሙ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ አሳታሚዎች የውሸት ከተማና የውሸት ዓመት ይጽፉ ነበር። አንዳንዱማ ለቀልድ ያደረገው ነው የሚመስለው።

እንዲህ አጣራ፦

1. ርዕሱን ሄንሪ ስፔንሰር አሽቢ ፒሳነስ ፍራክሲ በሚል የብዕር ስም ከ1877 እስከ 1885 ባሳተማቸው ሦስት የወሲብ መጻሕፍት ዝርዝሮች ውስጥ ፈልግ። ሰውዬው መጻሕፍቱን ራሱ ይሰበስብ ስለነበር ዝርዝሩ ጠቃሚ ነው። ከዚያ በኋላ የወጣውን ግን አታገኝበትም።

2. በብሪቲሽ ላይብረሪ ካታሎግ አመሳክር። አሽቢ በ1900 ሲሞት ስብስቡን ለብሪቲሽ ሙዚየም አውርሷል፤ ዛሬ ያለው በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

3. «ከዘ ፐርል የተወሰደ» የሚል ካየህ የእትሙን ቁጥር ጠይቅ። ዘ ፐርል የወሲብ ጽሑፎች መጽሔት ሲሆን ለንደን ውስጥ ከሐምሌ 1879 እስከ ታኅሣሥ 1880 በየወሩ ይወጣ ነበር። ወሩን የማይነግርህ አርታኢ ዋናውን አላየም ብል አልተሳሳትኩም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «ደራሲው ያልታወቀ» ብቻ ብለው የሚያልፉ ርካሽ እትሞችን ተጠንቀቅ። ብዙ አይቻለሁ፤ መግቢያቸው ያምራል፣ ውስጣቸው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአሮጌ አጻጻፍ የተሠራ ማስመሰያ ይቀላቀልበታል።