የድሮና የአዲስ ካሜራ ምስል በአንድ ዲቪዲ

አንድ ወጣት ኤዲተር ሰሞኑን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የእናትና የአባቴ ሠርግ በድሮ ካሜራ ነው የተቀረጸው፤ የእህቴ ግን ኤችዲ (ከፍተኛ ጥራት) ነው። አንድ ላይ ቆርጬ ለአያቴ በዲቪዲ ልሰጣት ነው። ታይምላይኑን (ክሊፖቹን የምደረድርበትን) በየትኛው ልክፈተው?»

በኤስዲ፣ በድሮው ዝቅተኛ ጥራት ክፈተው አልኩት። ዲቪዲ በፓል፣ በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ከ720 በ576 ፒክስል አያልፍም። የድሮውን ወደ ኤችዲ ለጥጠህ መልሰህ ብታሳንሰው ሁለቴ ትጎዳዋለህ። ኤችዲው ደግሞ ትርፍ ስላለው ፊት ላይ ቀረብ አድርገህ ብትቆርጠውም አይደበዝዝም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ የ2000 ዓ.ም. ሠርግ ሲከነክነኝ ዋለ።

ያኔ ሚሊኒየም ነው፤ ሠርግ በሠርግ ሆነናል። ሙሽራው ከዋሽንግተን የመጣ ነው። አንዱ ካሜራ የቆየ ዲቪ (ካሴት ላይ በኤስዲ የሚቀርጽ)፣ ሌላው ገና የተገዛ ኤችዲቪ (ካሴት ላይ በኤችዲ የሚቀርጽ)። የዲቪው ምስል 4 ለ 3 ስለሆነ ሰፊው ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ሚዜዎቹ ሁሉ ወፍረው ቁጭ አሉ። እሱስ ቀላል ነው፤ ጎንና ጎኑን ጥቁር ትተዋለህ። ያስቸገረን እስክስታው ነበር። ኮምፒውተር ላይ ምንም አይልም። ቴሌቪዥን ላይ ስንከፍተው ትከሻቸው ሄደት ይልና ወደኋላ ይመለሳል። «እስክስታ አይደል እንዴ!» አለ ካሜራማኑ። ሙሽሮቹ ሲራመዱም ግን ይንቀጠቀጡ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም (አንዱ ምስል) ፊልድ በሚባሉ ሁለት ግማሾች የተከፈለ ነው፤ መስመሮቹን አንድ እየዘለሉ ይካፈሏቸዋል፤ ከመጀመሪያው መስመር የሚነሳው የላይኛው፣ ከሁለተኛው የሚነሳው የታችኛው ይባላል። ዲቪ ከታችኛው ይጀምራል፣ ኤችዲቪ ከላይኛው። ፕሮግራሙ ሁሉንም በአንድ ቅደም ተከተል ካነበበው እንቅስቃሴው ይገለበጣል። የየክሊፑን ፊልድ ኦርደር፣ ማለትም የትኛው ግማሽ እንደሚቀድም፣ ስናስተካክል አነጋን።

የመልሱ ቀን የሙሽራዋ አያት ሲመርቁ የቀረጸው አዲሱ ካሜራ ነበር። ካሴቱ ላይ የነጠላቸው ጥለት ክሩ ሳይቀር ይለያል። ዲቪዲው ላይ ያው ጥለት የሚብለጨለጭ አንድ መስመር ሆነ፤ ትንሽ ብለር ስናደርግበት (ስናደበዝዘው) ረጋ። ዲቪዲው ተሰጠ፣ ሂሳብ ተከፈለ። በሳምንቱ የስቱዲዮው ባለቤት በዚያው ካሴት ላይ ሌላ ሠርግ አስቀረጸበት። ካሴት ውድ ነበር፤ ብዙ ስቱዲዮ እንዲያ ነበር የሚሠራው። ከዓመታት በኋላ ሙሽራዋ ከአሜሪካ ደውላ «የአያቴን ጥርት ያለውን ላኩልኝ» አለች። ምን ይላክላት? አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ የቅድሙን ምክሬን ላፍርሰው። ጊዜ ካለህ በኤችዲ ቁረጠው፤ ዲቪዲውን ከዚያ አውጣ። የድሮው ምስል ትንሽ ቢጎዳም ይጎዳ፤ እህትህ ነገ ቴሌቪዥኗ ላይ በትልቁ ማየት ትፈልጋለች። የዛሬ ልጆች ደግሞ ትገርሙኛላችሁ። ሃርድዲስክ እንደልብ በሆነበት ዘመን ኤክስፖርት እንዳለቀ ኦርጅናሉን ዲሊት! ስሎሞሽኑንም ቀነስ አድርጉት፤ የሠርግ ጭፈራ የቀብር ጉዞ መሰለ እኮ።

ሌላው፣ ሦስት ሰዓት ሠርግ በአንድ ባለ 4.7 ጊጋ ዲስክ አትጠቅጥቁ። ሁለት ሰዓት እንኳ ቢሆን ለምስሉና ለድምፁ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት አካባቢ ዳታ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ጭፈራው ካሬ ካሬ ይሆናል። ለሁለት ዲስክ ክፈሉት። አሜሪካ ለሚኖር ዘመድ ከሆነ ደግሞ በኤንቲኤስሲ፣ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት አውጡለት፤ እዚያ ፓል የማያነብ ማጫወቻ ብዙ ነው።