ስለ ዲኤንኤና አርኤንኤ የፈለጋችሁትን ጠይቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሞለኪውላር ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ውሎዬ ዲኤንኤ ከናሙና ማውጣትና ማባዛት ነው። ፈተና የደረሰባችሁም፣ እንዲሁ ነገሩ የሚገርማችሁም ጠይቁ። የምርመራ ውጤት ብቻ አትላኩልኝ፤ እሱን ለሐኪማችሁ አሳዩ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። 5 ፕራይምና 3 ፕራይም የሚባለውን በየጊዜው ሸምድጄ በየጊዜው የምረሳው እኔ ብቻ ነኝ? እህትህ አስረዳኝ።

ብቻሽን አይደለሽም። መሸምደዱን ተዪውና ስኳሩን እዪው። እያንዳንዱ የዲኤንኤ መገንቢያ፣ ማለትም ኑክሊዮታይድ፣ ፎስፌት፣ ባለ አምስት ካርቦን ስኳርና ቤዝ (ኤ፣ ቲ፣ ጂ ወይም ሲ የሚባለው ፊደል) አለው። የስኳሩ ካርቦኖች ከ1 እስከ 5 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ፎስፌቱ ያለው 5ኛው ካርቦን ላይ ነው። 3ኛው ላይ ደግሞ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ ሃይድሮክሲል ትባላለች። አዲስ የሚመጣው ኑክሊዮታይድ በፎስፌቱ የሚያያዘው ከዚህች ሃይድሮክሲል ጋር ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ የሚያድገው በ3 ፕራይም ጫፉ በኩል ብቻ ነው። ሁለቱ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ሲጠማዘዙ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፤ የአንዱ 5 ፕራይም ባለበት የሌላው 3 ፕራይም አለ።

ያቺን ሃይድሮክሲል ያዢልኝ። ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ሳያቸው ግማሾቹ መልሳቸው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር ብቻ የሚጣመሩት ለምንድን ነው? ኤ ከጂ ጋር ቢገጥም ምን ይላል?

ቦታ አይበቃቸውም። አዴኒን (ኤ) እና ጉዋኒን (ጂ) ባለ ሁለት ቀለበት፣ ትልልቆቹ ናቸው፤ ታይሚን (ቲ) እና ሳይቶሲን (ሲ) ባለ አንድ ቀለበት ናቸው። ጥምዝምዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርዱ 2 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ትልልቆች ከገጠሙ ያብጣል፣ ሁለት ትንንሾች ከገጠሙ ደግሞ ሳይደራረሱ ይቀራሉ። ከዚያ የሃይድሮጅን ትስስሩ አለ፤ በኤና ቲ መካከል ሁለት፣ በጂና ሲ መካከል ሦስት። ጂና ሲ የበዛበትን ዲኤንኤ ለማላቀቅ የበለጠ ሙቀት የሚያስፈልገው በከፊል በዚህ ነው። ፒሲአር (ዲኤንኤ የምናባዛበት ዘዴ) ላይ አሳሩን የሚያሳየንም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤን ያገኙት ዋትሰንና ክሪክ ናቸው ወይስ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን? ሰው ሁሉ የየራሱን ይላል።

ያገኘው ከሦስቱ አንዳቸውም አይደሉም። ፍሪድሪሽ ሚሸር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ በ1869 ቱቢንገን ውስጥ፣ ከቁስል ፋሻ ላይ መግል እያጠበ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው። የዘር መረጃ የሚሸከመው ይኸው ዲኤንኤ መሆኑን ደግሞ ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ በ1944 በባክቴሪያ አሳዩ። ዋትሰንና ክሪክ የታወቁበት የ1953ቱ ሥራ ቅርጹን የሚመለከት ነው።

ፍራንክሊንን በተመለከተ፦ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ውስጥ በእሷ መሪነት ተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ በ1952 ያነሳውን፣ "ፎቶ 51" የሚባለውን የኤክስሬይ ምስል ሞሪስ ዊልኪንስ ሳያስፈቅዳት ለዋትሰን አሳየው። ልኬቶቿም በሌላ መንገድ ክሪክ እጅ ገቡ። ኤፕሪል 25 ቀን 1953 ኔቸር መጽሔት ላይ ሦስት ጽሑፎች አብረው ሲወጡ የእሷ ሦስተኛው ነበር፤ ላነበበው ሰው የሌሎቹን ሐሳብ የምትደግፍ እንጂ መነሻ የሰጠች አትመስልም። በ1958 በ37 ዓመቷ አረፈች፤ ኖቤሉ ለዋትሰን፣ ለክሪክና ለዊልኪንስ የተሰጠው በ1962 ነው። ሽልማቱ ለሞተ ሰው ስለማይሰጥ በኖቤሉ ብቻ ተበደለች ማለት ይከብደኛል። በቁሟ ሳለች የሥራዋን ድርሻ በግልጽ አለመናገራቸው ግን ለእኔ በደል ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ ሲባዛ አንደኛው ሰንሰለት ያለማቋረጥ፣ ሌላው በቁርጥራጭ ይሠራል ተብለን ተምረናል። ተፈጥሮ ለምን በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራ ሁለተኛ ኢንዛይም አላበጀችም? መምህራችንን ብጠይቀው "እንዲሁ ነው" አለኝ።

የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ይኼ ነው።

መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ። ሄሊኬዝ የሚባለው ኢንዛይም ሁለቱን ሰንሰለቶች ያላቅቃል። ፖሊሜሬዝ ደግሞ በእያንዳንዱ አሮጌ ሰንሰለት ላይ አዲስ ጥንድ እየገጠመ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ልጅ ሴል ግማሹን አሮጌ፣ ግማሹን አዲስ ይወርሳል፤ ሜሰልሰንና ስታል በ1958 በከባድ ናይትሮጅን ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። ችግሩ ፖሊሜሬዝ ከምንም ተነስቶ መጀመር አይችልም፤ የሚቀጥልበት ሃይድሮክሲል ይፈልጋል። ስለዚህ ፕራይሜዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም አጭር አርኤንኤ (ከዲኤንኤ ጋር የሚመሳሰል ሞለኪውል) ያስቀምጥለታል። አንዱ ሰንሰለት ላይ ፖሊሜሬዝ ሄሊኬዝ የሚከፍተውን ቦታ እየተከተለ ይጓዛል። ሌላው ላይ አቅጣጫው ስለማይመቸው የተከፈተው ቦታ በሰፋ ቁጥር ወደ ኋላ እየተመለሰ እንደገና ይጀምራል። ቁርጥራጮቹ በኋላ አርኤንኤያቸው ተነስቶ ሊጌዝ በተባለ ኢንዛይም ይያያዛሉ። እነዚህን ቁርጥራጮች በ1960ዎቹ የለዩት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሬይጂና ጹነኮ ኦካዛኪ ናቸው። ሬይጂ በልጅነቱ የሂሮሺማ ቦምብ የደረሰበት ሰው ነበር፤ በ1975 በደም ካንሰር ሞተ።

አሁን ወደ "ለምን"። ኑክሊዮታይድ ሲመጣ ሦስት ፎስፌት ይዞ ነው፤ ለመያያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚገኘው ሁለቱ ሲረግፉ ነው። ይህ ማለት ጉልበቱን የሚያመጣው እንግዳው ነው። ፖሊሜሬዝ የተሳሳተ ፊደል ካስገባ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ያቺ ሃይድሮክሲል እንዳለች ስለሆነች ቀጣዩ እንግዳ የራሱን ጉልበት ይዞ ይመጣል፣ ሥራው ይቀጥላል። በተቃራኒው አቅጣጫ ቢሠራ ኖሮ ጉልበት የያዘው ፎስፌት የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ይሆን ነበር። ስህተቱን ስትቆርጠው ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል፤ ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። በሌላ አነጋገር በቁርጥራጭ መሥራት ስህተትን ለማረም የምንከፍለው ዋጋ ነው። ከነሙሉ እርማቱ ስህተቱ ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። የሰው ሴል ሲከፈል ወደ 6 ቢሊዮን የሚጠጋ ጥንድ እንደሚገለብጥ ስታስብ፣ ዋጋው አይበዛም።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ሲፕሮፍሎክሳሲን (የባክቴሪያ መድኃኒት) "ዲኤንኤ ጋይሬዝን ይገታል" ይላል ወረቀቱ። ጋይሬዝ ምን ያደርጋል?

ሁለት ላይ የተገመደ ገመድ ከአንድ ጫፍ ይዘህ ብትከፍለው ከፊት ያለው እየከረረ ይሄድና እምቢ ይልሃል። ዲኤንኤም ሲከፈት እንደዚያው ነው። ጋይሬዝ ከፊት ያለውን ሁለቱንም ሰንሰለት ቆርጦ፣ ሌላውን ክፍል በቀዳዳው አሳልፎ፣ መልሶ ያያይዘዋል፤ ክረቱ ይለቃል። ሲፕሮ ኢንዛይሙን የሚይዘው ከቆረጠ በኋላ፣ ሳይገጥም ነው። ባክቴሪያው በተሰባበረ ዲኤንኤ ይሞታል። የእኛ ሴሎች ያላቸው ተመሳሳይ ኢንዛይም ቅርጹ ስለሚለይ በሕክምና መጠን ብዙም አይነካም። ጋይሬዙ ላይ አንዲት ትንሽ ለውጥ ያመጣ ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን ሊቋቋም ይችላል፤ ስለዚህ ያለ ማዘዣ ሲጠይቁህ እንቢ በልልን።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ ኤአርቲ (የኤች አይ ቪ ሕክምና) ክሊኒክ ነው ያለሁት። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ቫይረሱን እንዴት እንደሚያቆሙት ለታካሚ በቀላሉ ምን ብዬ ላስረዳ?

ኤች አይ ቪ መረጃውን የያዘው በአርኤንኤ ነው። ሴል ውስጥ ሲገባ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል፤ ይህን የሚሠራውን ኢንዛይም ሃዋርድ ተሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በ1970 በሌሎች ቫይረሶች ላይ ነበር ለየብቻ ያገኙት። ሁለቱ መድኃኒቶች ሴሉ ውስጥ ኑክሊዮታይድ መስለው ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባሉ። ግን ያቺ ሃይድሮክሲል የለቻቸውም። ቀጣዩ የሚያያዝበት ስለሚያጣ ግልበጣው እዚያው ያበቃል። ለታካሚ "ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ መሃል ላይ የሚያስቆም" ብትይ ይበቃል።

የቫይረሱ ኢንዛይም ስህተቱን ቆርጦ የሚያርምበት ክፍል ስለሌለው ቫይረሱ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። አንድ መድኃኒት ብቻውን የማይሰጠው፣ ዶሉቴግራቪር የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ እሱ ደግሞ የተገለበጠው ዲኤንኤ ከታካሚው ክሮሞዞም ጋር እንዳይዋሃድ ይከለክላል። መጠን የመዝለል አደጋም እዚሁ ላይ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ አርኤንኤ ከዲኤንኤ ይልቅ ቶሎ የሚበላሸው ለምንድን ነው?

አንድ ተጨማሪ ሃይድሮክሲል አለው፣ 2ኛው ካርቦን ላይ። እሷ ጎኗ ያለውን ማያያዣ ራሷ አጥቅታ ትበጥሰዋለች። በዚያ ላይ አርኤንኤ የሚበሉ ኢንዛይሞች ቆዳችን ላይ ሳይቀር አሉ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ጓንት የምናደርገው ራሳችንን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የኮቪድ አርኤንኤ ክትባት ዲኤንኤዬን አይቀይርም?

አይቀይርም። ክትባቱ ፕሮቲን የሚሠራበት የሴሉ ክፍል ውስጥ ይቀራል፣ ክሮሞዞሙ ወዳለበት ኒውክለስ አይገባም፤ ከላይ እንዳልኩት ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

ጥያቄ፦ የሉሲን ዲኤንኤ ለምን አያወጡትም?

ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ ቅሪቷ ወደ ድንጋይነት ተለውጧል፣ አፋር ደግሞ ሙቀት ነው። እስካሁን የተነበበው እጅግ አሮጌ ዲኤንኤ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን የተገኘው ከግሪንላንድ በረዷማ አፈር ነው። እኛ አገር የተሳካው ጋሞ ደጋ ላይ፣ ሞጣ ዋሻ ውስጥ ነው፤ የ4,500 ዓመት ሰው ዲኤንኤ ከራስ ቅሉ፣ ከጆሮው አጠገብ ካለው ጠንካራ አጥንት ወጥቶ በ2015 ታተመ። በአፍሪካ ሙሉ የጥንት ጂኖም ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። የረዳውም የዋሻው ቅዝቃዜ ነው።