«ዋና ዋና አማልክቶች» ልበል ወይስ ሌላ ቃል አለ?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ልቦለድ በምናብ ዓለም ውስጥ ነው። ሕዝቡ የዝናብ፣ የመቃብር፣ የብረትና የገበያ አማልክት አሉት። ከነሱ በታች ደግሞ የየመንደሩ አሉ። ‹ዋና ዋና አማልክቶች› እና ‹ትንንሽ አማልክቶች› ብዬ ከፈልኳቸው፤ ሲነበብ ግን የትምህርት ቤት ደብተር መሰለብኝ። ምን ብዬ ልመድባቸው?» (አንዲት ወጣት ጸሐፊ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ መጀመሪያ «-ኦች»ን አውጪያት። አማልክት ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። «አማልክቶች» እንደ «መጻሕፍቶች» በአፍ ይነገራል፤ በካህን ገጸ ባሕርይ አፍ ግን አያምርም።

ለደረጃው አሪፍ ቃል አለን። ቤተ ክርስቲያን ነቢያትን «ዐበይት ነቢያት» እና «ደቂቀ ነቢያት» ብላ ትከፍላለች፤ 4 እና 12 ናቸው። ስለዚህ ለትልልቆቹ «ዐበይት አማልክት» በይ። ሁለተኛውን ግን ዝም ብለሽ አትውሰጂው፤ ደቂቅ ልጆችም ማለት ስለሆነ «ደቂቀ አማልክት» ስትይ አንባቢው ከአምላክና ከሰው የተወለዱ ይመስሉታል። እንደዚያ ዓይነት ገጸ ባሕርያት ካሉሽ ለእነሱ አስቀምጪው።

ለመንደሮቹ አድባር የሚለውን እመርጣለሁ። በግዕዝ የደብር ብዙ ነው፤ በአማርኛ ግን እንደ ነጠላ እንጠቀምበታለን። ከከተማው ዳር ወጣ ስትዪ ብቻውን የቀረ ትልቅ ዋርካ ካየሽ፣ አንድ አዛውንት ጠይቂ፤ አድባር መሆኑን ሊነግሩሽ ይችላሉ። አድባር ቦታውን አይለቅም። ውቃቢ ግን የሰው ነው፣ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፣ «ውቃቢው ራቀው» የምንለውም ለዚህ ነው። ይህ የቦታና የሰው ልዩነት ከ«ትልቅ» እና «ትንሽ» የበለጠ ታሪክ ይወልድልሻል። ጣዖት የሚለውን ለጠላቶቻቸው ተዪው፤ የራሱን አምላክ ጣዖት የሚል አማኝ የለም።

ስም ስታወጪ አክሱምን ተመልከቺ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ኢዛና ጽሑፎች ውስጥ አስታር፣ ቤሔርና ምድር ይጠራሉ፤ ንጉሡም የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል። ማሕረም በግሪክኛው ጽሑፍ አሬስ ተብሏል፤ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ማለት ነው። ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ «እግዚአ ሰማይ» የሚል አጠራር ይመጣል። ይህ አቀማመጥ ለአንቺ ወርቅ ነው፦ እግዚአ ዝናም፣ እግዝእተ መቃብር። የገበያዋን ግን በግዕዝ አታስጨንቂያት፣ «የገበያዋ እመቤት» ይበቃል።

ሴቷን «አምላኪት» እንዳትያት፤ አምላኪ የሚያመልከው ሰው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 አርጤምስን «ታላቂቱ አምላክ» ይላታል። አምላክ እንዳለ ይቆያል፣ ሴትነቷን የሚያሳየው ቅጽሉና ግሡ ነው።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች አምላክ የከበረ ነው ብለው «እርስዎ» ያሰኙታል። በአማርኛ ንጉሥን አንቱ እንላለን፣ ፈጣሪን ግን አንተ። «ገብርኤል ይጠብቅህ» እንላለን እንጂ «ይጠብቁህ» አንልም። ስለዚህ ሕዝብሽ ሹሙን «ይማሩን» እያለ ይለምን፤ እግዚአ ዝናምን ግን «ማረን» ይበለው።